ዓይን የማያየው ሥራ፦ የፀረ-ተባይ ርጭትና ከሥራው የወጡ ሠራተኞች አቤቱታ

አንድ የቤት ባለቤት በመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ሥር የምስጥ የጭቃ መተላለፊያ ቢያይ ምን ያደርጋል? አቅሙ ከፈቀደ በዚህ ሥራ የተሰማራ ድርጅት ይጠራል። የድርጅቱ ሠራተኛ ጓንት አጥልቆ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ የመርጫ ጋኑን በመኪና ጭኖ ይመጣል። ቤቱን ይዞራል፤ ይረጫል፤ ወረቀት አስፈርሞና ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። በባለቤቱ እጅ የሚቀረው አንድ ደረሰኝ ነው። ግድግዳ ቀለም አስቀብቶ ቢሆን ኖሮ ሥራውን በዓይኑ ተመልክቶ “እዚህ ላይ ጎድሏል” ሊል ይችል ነበር። የተረጨው ኬሚካል ግን ትክክለኛው ይሁን ሌላ፣ በቂ ይሁን የቀጠነ ወይም ከልክ ያለፈ፣ በዓይን አይለይም። “ውስጡን ለቄስ” እንደሚባለው፣ እውነቱን የሚያውቀው ጋኑን የሞላው ሠራተኛ ነው።

ይህ ሥራ ትልቅ ኢንዱስትሪ በሆነባት በአሜሪካ፣ ከፀረ-ተባይ ድርጅቶች የለቀቁ ሠራተኞች በየጊዜው ለፍርድ ቤቶች፣ ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችና ለጋዜጠኞች አቤቱታ ሲያቀርቡ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ አቤቱታዎቹ ምን እንደሚሉ፣ ከበስተጀርባቸው ያለው ሳይንስ ምን እንደሆነና እውነትነታቸው እንዴት ሊፈተሽ እንደሚችል ለመመልከት እንሞክራለን። ካልተገለጸ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

አቤቱታዎቹ ምን ይላሉ?

የሠራተኞቹ አቤቱታ በዝርዝሩ ቢለያይም በአራት ዋና ዋና ክፍሎች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛው፣ ያልተሠራን ሥራ እንደተሠራ አድርጎ መመዝገብ ነው፤ ለምሳሌ የቤቱ ወለል ሥር ሳይታይ “ተመርምሯል” ብሎ ቅጽ መሙላት። ሁለተኛው፣ ወጪና ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ኬሚካሉን ከታዘዘው በላይ ማቅጠን ወይም መጠኑን ማሳነስ ነው። ሦስተኛው፣ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ፣ ለቤት ውስጥ ያልተፈቀደ ወይም ከተፈቀደው በላይ የበዛ መርዝ መጠቀም ነው። አራተኛው ደግሞ ደንበኛውን አስፈራርቶ የማያስፈልገውን አገልግሎት መሸጥ ነው።

የአራቱም መነሻ ተመሳሳይ ነው። ሠራተኛው የሚከፈለው በቀን በጎበኛቸው ቤቶች ብዛት ወይም በሸጠው ልክ በኮሚሽን ከሆነ፣ ጠንቅቆ የሠራ ሰው ገቢው ይቀንሳል፤ አቋርጦ ያለፈው ይጠቀማል። ሥራው የማይታይ በመሆኑም በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ደንበኛው አይገነዘበውም። ስለዚህ ነገሩን በጥቂት መጥፎ ሰዎች ጠባይ ብቻ ማብራራት በቂ አይደለም፤ የአከፋፈሉ ሥርዓትም ወደ ጥፋቱ ይገፋል።

በአሜሪካ ይህን ሥራ የሚገዛው ዋናው የፌዴራል ሕግ በ1947 የወጣውና በ1972 በእጅጉ የተሻሻለው የፀረ-ተባይ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት በኬሚካሉ መያዣ ላይ የሚለጠፈው ገላጭ ጽሑፍ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው። ምን ያህል፣ የት፣ በምን ሁኔታ እንደሚረጭ በጽሑፉ የተቀመጠውን የጣሰ ሁሉ ሕግ ጥሷል። እንግዲህ ከዚህ በታች የምናያቸው ጉዳዮች ሁሉ የሚለኩት በዚያ ወረቀት ነው።

የሦስት መቶ ሊትሩ ስሌት

ከምስጥ እንጀምር። በአሁኑ ጊዜ ቤትን ከምስጥ ለመከላከል ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ በመሠረቱ ዙሪያ አፈሩን በኬሚካል ማርከስ፣ ማለትም ያልተቋረጠ የመርዝ አጥር ማቆም ነው። ለዚህ ከሚያገለግሉት አንዱ ፊፕሮኒል ይባላል። ምስጦች ፊፕሮኒልን አሽትተው አይሸሹትም፤ ሳያውቁት ያልፉበታል፤ በአካላቸው ይዘውትም ወደ ጎጆአቸው ይገባሉ። ሆኖም አጥሩ አንድ ቦታ ላይ ክፍተት ካለው ምስጦቹ በዚያ በኩል ወደ እንጨቱ ይደርሳሉ።

በተለመደው የአሜሪካ ገላጭ ጽሑፍ መሠረት ለእያንዳንዱ 10 ጫማ ርዝመት (3 ሜትር ያህል) በ1 ጫማ ጥልቀት (30 ሳንቲ ሜትር ያህል) 4 ጋሎን፣ ማለትም 15 ሊትር ያህል ድብልቅ መፍሰስ አለበት። ስሌቱን አንባቢ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ዙሪያው 60 ሜትር የሆነ ቤት 20 ጊዜ 15፣ ማለትም 300 ሊትር ይፈልጋል። የድብልቁ መጠን 0.06 በመቶ ከሆነ በዚያ 300 ሊትር ውስጥ 180 ግራም ያህል ፊፕሮኒል መኖር አለበት። ፓምፑ በደቂቃ 10 ሊትር ቢገፋ እንኳ ማፍሰሱ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። በዚህ ላይ በመሠረቱ ዙሪያ ቦይ መቆፈር፣ በሲሚንቶ የተሸፈነውንም መብሳት አለ። እንግዲህ አንድ ሠራተኛ “በአንድ ሰዓት ጨርስ ተብዬ ነበር” ቢል፣ ንግግሩ የቂም ነው ወይስ የእውነት የሚለውን ለመለየት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገን ማባዛትና ማካፈል ነው።

የቀጠነው ድብልቅ ከትክክለኛው በመልክም በሽታም አይለይም። ጉዳቱም ወዲያው አይታይም። የምስጥ መንጋ እንጨቱን ከውስጥ እየበላ የላይኛውን ቅርፊት ስለሚተወው፣ ባለቤቱ አደጋውን የሚያውቀው ምናልባት ከዓመታት በኋላ ወለሉ ሲሰምጥ ነው። በአሜሪካ የባሕረ ሰላጤ ጠረፍ የተስፋፋው የፎርሞዛ ምስጥ ደግሞ በአንድ መንጋ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ስለሆነ ጥፋቱ ፈጣን ነው።

የኬሚካሎቹም ታሪክ ለዚህ የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። በአሜሪካ እስከ 1988 ድረስ ለምስጥ ይውል የነበረው ክሎርዴን በአፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሊቆይ የሚችል ነበር። ይህ ጽናቱ ለተፈጥሮና ለሰው ጤና አደገኛ ስላደረገው ከገበያ ወጣ። ይሁንና ያው ጽናቱ የደካማ ሠራተኛን ጉድለት ይሸፍን እንደነበር ልብ ማለት ይገባል። ከእሱ በኋላ የመጡት ኬሚካሎች ቶሎ ስለሚፈርሱ በአካባቢ ላይ የሚያደርሱት ጫና ያነሰ ነው፤ የሥራ ጉድለትን ግን ያን ያህል አይታገሡም። ሳይንሱ ሲሻሻል ጥንቃቄውም አብሮ ማደግ ነበረበት ማለት ነው።

በዚሁ ጠረፍ በምትገኘው በአላባማ፣ ደንበኞች ለምስጥ ጥበቃ በየዓመቱ እየከፈሉ ተገቢውን አገልግሎት አላገኙም፣ ዋጋም ያለአግባብ ተጨምሮባቸዋል በሚል የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ምርመራ አካሂዶ ነበር። ጉዳዩ በኅዳር ወር 2020 ቴርሚኒክስ ከተባለው ኩባንያ ጋር በተደረገ የ60 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘግቷል።

መርዙ ሲበረታ ደንበኛው ይደሰታል

ማሳነስ አንዱ ጥፋት ከሆነ ማብዛት ሌላው ነው። በ1994 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በሎሬን አውራጃ፣ በ1996 ደግሞ በሚሲሲፒ በጃክሰን አውራጃ አስደንጋጭ ነገር ተገኘ። ፈቃድ የሌላቸው ረጪዎች ለእርሻ ብቻ የተፈቀደውን ሜቲል ፓራቲዮን በመኖሪያ ቤቶች ውስጥ ለበረሮ ሲረጩት ቆይተዋል። በሚሲሲፒው ጉዳይ ብቻ ከ1,000 በላይ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተው በጊዜያዊ መጠለያ እንዲቆዩ ተደርጓል፤ የተበከሉ ቤቶችም ግድግዳና ወለላቸው እየተነሣ ታድሰዋል።

ሜቲል ፓራቲዮን እንዴት ይሠራል? በነርቮቻችን መጋጠሚያ መልእክት የሚያስተላልፍ አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር አለ። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ይህን ንጥረ ነገር የሚያፈርሰው አሴቲልኮሊንስትሬዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ሜቲል ፓራቲዮን በሰውነት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ ይህን ኢንዛይም ይቆልፈዋል። በዚህ ጊዜ መልእክቱ መቆሚያ ያጣል፤ ምራቅና ላብ ይበዛል፤ የዓይን ብሌን ይጠብባል፤ ደረት ይጨነቃል፤ ከጸናም መንቀጥቀጥና የትንፋሽ መቋረጥ ይከተላል። የበረሮውም የሰውም ነርቭ በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

በእርሻ ላይ የፀሐይ ብርሃን፣ ውሃና ባክቴሪያዎች ይህን ኬሚካል በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ያፈርሱታል። በቤት ውስጥ ግን ፀሐይም ዝናብም ስለሌለ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተረጨበት ቤት በረሮ ለረጅም ጊዜ አይመለስበትም፤ ደንበኛውም ይደሰታል፤ ለጎረቤቱም “ጎበዝ ረጪ አገኘሁ” ብሎ ይነግራል። መርዙ በቤተሰቡ ሰውነት ውስጥ መግባቱ የተረጋገጠው በሽንት ምርመራ ነው፤ ሜቲል ፓራቲዮን ሲፈርስ የሚተወው ፓራ-ናይትሮፌኖል የተባለ ውሁድ በላቦራቶሪ ይለካልና። በዓይን ሲታይ እጅግ የተሳካ የሚመስለው ሥራ በላቦራቶሪ ሲታይ ወንጀል ሆኖ ተገኘ።

ግድግዳ የማያግደው ጋዝ

ከፈሳሽ ይልቅ የሚያስፈራው ጋዝ ነው። በመጋቢት ወር 2015 አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ፣ አባት፣ እናትና ሁለት ወንዶች ልጆች፣ በቨርጂን ደሴቶች በሴንት ጆን በአንድ የእረፍት መኖሪያ አርፈው ሳለ በጠና ታመሙ። ከእነርሱ በታች ባለው ክፍል ሜቲል ብሮማይድ ተነፍቶ ነበር። ይህ ጋዝ ቀለም የሌለውና ሽታውም ለመታወቅ የማይበቃ ሲሆን፣ በመኖሪያ ቤት ውስጥ እንዳይውል ከ1984 ጀምሮ ተከልክሏል። ቤተሰቡ ከባድ የነርቭ ጉዳት ደርሶበታል። ምርመራው ሲቀጥል ኩባንያው ከዚያ በፊትም በደሴቶቹ በሌሎች መኖሪያዎች ያንኑ ጋዝ መጠቀሙ ታወቀ። ቴርሚኒክስና በደሴቶቹ የሚገኘው ድርጅቱ በ2017 ጥፋተኛነታቸውን በፍርድ ቤት አምነው 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል ቅጣትና ካሣ ከፍለዋል። ከ1984 እስከ 2015 ያሉት ዓመታት 31 ናቸው። ክልከላ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን ጋዙን እንደማያግደው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በየካቲት ወር 2010 ደግሞ በዩታ ክፍለ ግዛት በሌይተን ከተማ ሁለት ሕፃናት እህትማማቾች ሞተዋል። ምክንያቱ በግቢያቸው የአይጥ ጉድጓድ ውስጥ፣ ለቤቱ እጅግ ቀርቦ የተጨመረ የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ነበር። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ከአየር ወይም ከአፈር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለውን ጋዝ ያወጣል፤ አንድ 3 ግራም የሚመዝን ክኒን 1 ግራም ያህል ፎስፊን ይለቃል። የጋዙ ሞለኪውል ትንሽ ስለሆነ በአፈርና በግድግዳ ስንጥቅ በቀላሉ ያልፋል። መድኃኒት፣ ማለትም ማርከሻ፣ የለውም። ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ክኒኑ በጉድጓድ ሲጨመር ሰው ካለበት ሕንፃ ቢያንስ 100 ጫማ (30 ሜትር ያህል) እንዲርቅ ደንግጓል።

ለምን ከሥራ ከወጡ በኋላ?

አንባቢ በተገቢው መንገድ “እነዚህ ሠራተኞች እውነቱን ካወቁ ለምን በሥራ ላይ ሳሉ አልተናገሩም?” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ኬሚካሉን በእጁ የረጨው እርሱ ራሱ ስለሆነ ሲናገር በራሱም ላይ ይመሰክራል። ሁለተኛ፣ ደመወዙም ሆነ ነገ ሌላ ድርጅት ለመቀጠር የሚያስፈልገው የምስክር ቃል በአለቃው እጅ ነው።

ሦስተኛው ሕጉ ራሱ ነው። አየርን፣ ወንዝና ሐይቅን፣ የመጠጥ ውሃን፣ ደረቅ ቆሻሻን፣ መርዛማ ኬሚካሎችንና የተበከሉ ቦታዎችን ጽዳት የሚመለከቱት ስድስት የአሜሪካ የፌዴራል የአካባቢ ሕጎች ጥፋትን የጠቆመ ሠራተኛ እንዳይባረር የሚጠብቅ አንቀጽ አላቸው። የፀረ-ተባዩ ሕግ ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ የለውም። ስለ ራሱ የሥራ ደኅንነት ቅሬታ አቅርቦ የተባረረ ሠራተኛ በሌላ የፌዴራል ሕግ ሊከስ ቢችልም የተሰጠው ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው። የክፍለ ግዛቶች ሕጎች ይረዱት ይሆናል፤ ነገር ግን ጥበቃው ከቦታ ቦታ ይለያያል። እንግዲህ ሠራተኛው በሥራ ላይ ሳለ ዝም ቢልና ከወጣ በኋላ ቢናገር ሊያስደንቀን አይገባም።

በዚህ ላይ ከሁሉ በፊት የሚመረዘው እርሱ መሆኑን እንጨምር። ደንበኛው በዓመት አንድ ጊዜ የሚያገኘውን ኬሚካል ሠራተኛው በየቀኑ ይነካል፤ ይተነፍሳል። ተስማሚ ጓንትና መሸፈኛ ካልቀረበለት ያጎደለው ድርጅት ትርፍ በእርሱ ጤና የተከፈለ ነው።

አቤቱታን እንዴት እንመዝን?

በሌላ በኩል፣ ከሥራ የተባረረ ሰው ቂም ሊኖረው እንደሚችል መካድ አይቻልም። የእርሱን ቃል እንዳለ መቀበል ፍትሕ አይደለም፤ “ቂመኛ ነው” ብሎ መጣልም እንዲሁ። እኛ የምናቀርበው ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም የሳይንስ መንገድ ነው። አቤቱታው መላ ምት ነው እንበል። መላ ምት ደግሞ አይታመንም፤ አይናቅምም፤ ይፈተሻል።

ፈተናውም ከባድ አይደለም። በኬሚስትሪ ትምህርት ቁስ ከምንም አይፈጠርም፣ ወደ ምንምነትም አይጠፋም ብለን እንማራለን። አንድ ድርጅት በዓመት 500 ቤቶችን ከምስጥ ጠበቅሁ ይላል እንበል። ቤቶቹ ከላይ እንዳየነው በአማካይ 180 ግራም ፊፕሮኒል የሚፈልጉ ከሆነ ድርጅቱ በዓመቱ 90 ኪሎ ግራም መጠቀም ነበረበት። የግዢ ሰነዱ 45 ኪሎ ግራም ብቻ የሚያሳይ ከሆነና ከመጋዘን የወጣ ሌላ ክምችት ከሌለ፣ ወይ ግማሾቹ ቤቶች አልተረጩም፣ ወይ ድብልቁ በእጥፍ ቀጥኗል፣ ወይም ሁለቱም በከፊል ተደርጓል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ደረሰኝና እርሳስ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የጊዜ ነው። የሠራተኛው የቀን መዝገብ ከቤት ወደ ቤት የሄደበትን ሰዓት ያሳያል፤ 300 ሊትር በ15 ደቂቃ ፈሰሰ የሚል መዝገብ ራሱን ያጋልጣል። ሦስተኛው የላቦራቶሪ ነው። ከመሠረቱ ዙሪያ ከተለያዩ ቦታዎች የተወሰደ አፈር በጋዝ ክሮማቶግራፍ ሲመረመር ኬሚካሉ መኖሩን፣ ዓይነቱንና መጠኑን ይናገራል። ይሁን እንጂ የምድርን ስፋት ሁሉ መመርመር አይቻልምና መርማሪው የት መቆፈር እንዳለበት የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ከሥራው የወጣው ሠራተኛ ነው። የእርሱ አቤቱታ ዋናው ጥቅም ይህ ነው፤ ፍርድ ሳይሆን አቅጣጫ ይሰጣል።

በአገራችንስ?

ጉዳዩ የሩቅ አገር ብቻ እንዳይመስለን። ከላይ የጠቀስነው አሉሚኒየም ፎስፋይድ በአገራችን እህልን ከነቀዝ ለመከላከል የሚውል ኬሚካል ነው። በብዙ ቤት እህልና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያድሩ፣ ክኒኑ በጆንያ ውስጥ ተደርጎ በመኝታ ክፍል ሲቀመጥ ምን ሊከተል እንደሚችል ከሌይተኑ አደጋ መረዳት ይቻላል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም በሻርጃና በሌሎች ከተሞች፣ ጎረቤት ለትኋን ብሎ ያለፈቃድ ካስገባው ከዚሁ ኬሚካል በሚወጣ ጋዝ ልጆች የሞቱባቸው አጋጣሚዎች አሉ። በጋራ ሕንፃ የሚኖር ሰው ራሱ ባይረጭም የጎረቤቱን ጋዝ ሊተነፍስ ይችላል።

በኢትዮጵያ የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 (በእኛ አቆጣጠር) ወጥቷል። ሕጉ ሥራ ላይ እንዲውል ግን ጠያቂ ዜጋ ያስፈልጋል። ስለዚህ ረጪ ወደ ቤቱ የሚያስገባ ሁሉ ቢያንስ አምስት ነገሮችን እንዲጠይቅ እንመክራለን፦ የኬሚካሉ ስም ምንድን ነው? በአገር ውስጥ የተመዘገበና ለመኖሪያ ቤት የተፈቀደ ነው? ገላጭ ጽሑፉ ከነመያዣው ይታይ። ምን ያህል ኬሚካል በምን ያህል ውሃ ይበረዛል? ቤተሰቡ ለስንት ሰዓት ከቤት ይውጣ፣ አየሩስ እንዴት ይናፈስ? መልሶቹን በጽሑፍ ማስቀረትም ይገባል። ያለ ገላጭ ጽሑፍ በተራ ፕላስቲክ ጠርሙስ የመጣ ኬሚካል ከደጅ መመለስ አለበት።

በአጠቃላይ፣ የፀረ-ተባይ ሥራ ጠቃሚ ሙያ መሆኑን አንክድም። ወባን የሚያስተላልፍ ትንኝ፣ እህል የሚያጠፋ ነቀዝና ቤት የሚያፈርስ ምስጥ ያለ እርሱ አይመከቱም፤ ሥራውን በቅንነት የሚሠሩም ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የሥራው ውጤት በዓይን የማይታይ በመሆኑ እምነት ብቻውን አይበቃውም፤ ልኬት ይፈልጋል። ልኬቱ የሚጀምረው ደግሞ ጋኑን የሞላው ሰው “እንዲህ አድርገን ነበር” ብሎ ሲናገር ነው። ያን ሰው የምንሰማበት መንገድና የምንጠብቅበት ሕግ ከሌለን፣ ውስጡ ለእርሱ ብቻ ይቀራል፤ መርዙ ግን ለሁላችንም ይደርሳል።